ከጎን የሚመጣ ሰው

ጥቅምት 11 ቀን

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? አዲሷ ሙሽራችንስ ጎጆዋን ለመደችው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስ። በልጅህ ሠርግ ላይ የሙሽራው አባት ለሰላምታ እጃቸውን ዘርግተውልኝ ጥያቸው አለፍኩ አሉ። አክስታችንም «ስፌት ቤት ከከፈተች ወዲህ ሰው ንቃለች» እያለች ቤት ለቤት ታወራለች አሉ። አንተም «ምን አድርገውሽ ነው?» አልከኝ። ምንም አላደረጉኝም። አላየኋቸውም። በቀኝ ጎኔ ነበር የቆሙት፤ እኔ ደግሞ ጎን የሚባል ነገር ካጣሁ ቆይቻለሁ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ጨለም ካለ ክፍል አስገብታ አገጬን ማስደገፊያ ላይ አሳረፈችና «መሐሉን ብቻ እያየሽ፣ በዳር በኩል ነጥብ ብልጭ ባለ ቁጥር ይህን ቁልፍ ተጫኚ» አለችኝ። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። አራት ወይ አምስት ጊዜ ተጫንኩ፤ መለማመጃ መሰለኝ። በመጨረሻ «ዶክተር፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብላት «ጨርሰናል» አለችኝ።

ሬቲና ይሉታል። ከዓይን ጀርባ ያለ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። የእኔው ከዳር ጀምሮ እየሞተ ወደ መሐል እየመጣ ነው። መሐሉ ገና ጤነኛ ስለሆነ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ። መቀሴ ከእጄ ከወደቀ ግን ወለሉን እንደሚጠርግ ሰው ጥግ በጥግ ነው የምፈልገው። የመተኮሻው ጠረጴዛ ጥግ ጭኔን አጥቁሮታል። ይህንን ስጽፍልህ እንኳ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ስለሚጠፋብኝ በወረቀቱ ግራ በኩል ሜትሬን ዘርግቻለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ያለችኝ ዕይታም ትደበዝዛለች። ለጊዜው መድኃኒት የለውም ብላኛለች።

እሱንስ ተቀበልኩት። ደሜን የሚያፈላው የሰው አፍ ነው። አንዲት ደንበኛዬ አጠገቤ ቆማ ቆማ «ሰው አይደለሁም?» ብላ ተሳድባ ሄደች። ሌላዋን እውነቱን ብነግራት «መርፌ እየሰካሽ አላይም ትያለሽ? ዓይን አውጣ!» ብላ ሳቀችብኝ። ዕውር ብሆን ያዝኑልኝ ነበር። ግማሽ ዕውር ስሆን ውሸታም አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዘር የሚሄድ ነው አለችኝ። «ከወላጆችሽ ሲመሽ የሚደናቀፍ ነበር?» ስትለኝ ወንበሩ ከሥሬ የተነሣ መሰለኝ። ቀን ቀን እንደ ፀጉር የቀጠነች የሰዓት ሞላ በወረንጦ አንሥቶ ቦታዋ የሚያስቀምጥ፣ ሲመሽ ቦይ ውስጥ የሚገባ ሰው ማን ነበር? ሰፈሩ ሁሉ «ሰካራሙ ሰዓት ሠሪ» ይለው የነበረው ማን ነው? እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ በጎረቤት ፊት ጠርሙሱን ነጥቄ ደፋሁበት። የሰዓት ማጽጃ አልኮል ነበር ጋሼ! ከልብሱ የማይለቀው ሽታ ያ ነበር። አባባም ጎንበስ ብሎ ባዶውን ጠርሙስ በእጁ እየዳሰሰ ፈለገ። ስካሩ ነው ብዬ ጥዬው ገባሁ።

«ወንድም ካለሽ ይመርመር» ብላኛለች። አንተ በየቀኑ ስድሳ ሰው የምትጭን የአውቶቡስ ሹፌር ነህ። በስልክ ሁለቴ ልነግርህ ሞክሬ በቀልድ አለፍከኝ። ወረቀት ላይ ግን አትቀልድብኝም ብዬ ነው።

ታናሽ እህትህ


ኅዳር 2 ቀን

ሚጣዬ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፣ ሐዘኔም እንዲሁ። ለሙሽራው አባት ነግሬያቸዋለሁ፤ «እኔማ ከንፈሬን ነክሼ ነበር፣ እግዜር ይማራት» ብለዋል። አክስታችንን ግን ተያት፤ እሷ ዝም ካለች ታማለች ማለት ነው።

ስለ እኔ አትስጊ። ባለፈው ወር መንጃ ፈቃዴን ሳድስ የፊደል ሰንጠረዡን እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት። መርማሪው «አንተ ሰውዬ የንስር ዓይን ነው ያለህ» ብሎ ማኅተሙን ዷ አደረገልኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ደግሞ ጥላዬ አለልኝ። ረዳቴን ታውቂው የለ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ጥላ ስለተከተለኝ ነው ስሙን ያወጣንለት። በሩ ላይ ቆሞ ቀኙን አይቶ ላሜራውን ሁለቴ ካልመታና «ንጹሕ ነው!» ካላለኝ ንቅንቅ አልልም። ከሐምሌ ወዲህም የቀን መስመር ብቻ ነው የምሠራው፤ ጉልበቴን ብርድ ይዞት ስምሪት ክፍሉን ለምኜ ነው።

አክስታችን ስለ ስፖኪዮዎቹ የነገረችሽን ደግሞ አትስሚ። የመናኸሪያው በር ከመጥበቡ የተነሣ የማይገጭ የለም።

አባባን ግን አታንሺብኝ። የሆነው ሆኗል፤ የሞተን ሰው መቀስቀስ ለማን ይጠቅማል?

ወንድምሽ


ኅዳር 14 ቀን

ጋሼ፣

ለሙሽራው አባት ስለነገርክልኝ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ስለ ስፖኪዮ ማን ጠየቀህ? አክስታችን አንድም ቃል አልነገረችኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! «ስፖኪዮዎቹ» ነው ያልከው፤ ስንት ናቸው? የመናኸሪያው በር ያው የድሮው በር አይደለም? ሃያ ስድስት ዓመት ስትገባበት ስትወጣበት ኖረህ ዘንድሮ ጠበበብህ? ጉልበት ያመመው ሰውስ ቀን ቀን ፍሬን የሚረግጠው በምኑ ነው?

ያ ሰንጠረዥ ደግሞ እኔንም አሳልፎኛል። እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት! ሐኪሟ «መሐልሽ ስላልተነካ ነው፤ ሰንጠረዡ የሚጠይቅሽ መሐሉን ብቻ ነው» አለችኝ። እና አንድ መሥሪያ ቤት ስድሳ ሰው ለሚጭን ሹፌር ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፊደል አስነብቦ ማኅተም ይመታል? ሕፃን፣ ብስክሌት፣ ሽማግሌ መንገድ ላይ የሚመጣው ከየት ነው፤ ከፊደሉ ውስጥ ነው? ይህን ያሰበ ሰው ከጎኑ መኪና መጥቶበት አያውቅም መሰለኝ።

አሁን የምልህን አድርግ። ቀጥ ብለህ ቁም። የግድግዳውን ሰዓት ብቻ እያየህ ሁለቱን ክንዶችህን እንደ መስቀል ዘርጋና ጣቶችህን አወዛውዝ። ታዩህ? ካልታዩህ ክንዶችህን ቀስ እያልክ ወደ ፊት አምጣቸው። የታዩህ ጊዜ የት እንደ ደረሱ ጻፍልኝ። ባለቤትህ ብሆን በማታለልህ እፈታህ ነበር፤ እህትህ ስለሆንኩ መገላገያ የለኝም።

እህትህ


ኅዳር 25 ቀን

እህቴ፣

ለሁሉም ልክ አለው። እኔ ታላቅሽ ነኝ። ከመሪ ላይ ወርጄ ምን እንድሆን ነው የምትፈልጊው? በር ጠባቂ? የታክሲ ሰልፍ አስከባሪ? ቤቴን በምን ላስተዳድር? ዓይንሽ ቢታመም አዝናለሁ፤ የአንቺን በሽታ ለእኔ አታካፍዪኝ። አርፈሽ ስፌትሽን ስፊ።

ክንድ መዘርጋትም ሆነ እንደ ሕፃን መጫወት አያምርብኝም።

ወንድምሽ


ጥር 6 ቀን

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ፤ እስከዚያ ካነበብከኝ።

የላክኸልኝን ደብዳቤ ትናንት ተቀበልኩ። እንቅልፍ እንደነሳህ ጽፈሃል፤ ጥሩ ነው። የጻፍከውን መልሼ ልጻፍልህ፣ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ሲታይ ምን እንደሚመስል እወቀው። ጥላዬ ታሞ ቀረ። የተተካልህ ረዳት ትኬት ሲቆርጥ ቀና ሳይል «ሂድ!» አለህ። ሄድክ። ፌርማታው ጥግ ቲማቲም የምትሸጠዋ ሴት ሳጥኗን አንሥታ በቀኝህ በኩል ልታልፍ ነበር። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሕይወቷ የተረፈው ቲማቲሙ ያለበት ሳጥን መሐል ስለገባ ነው። ወርደህም መጀመሪያ ያልካት ቃል «አንቺ ዕውር! አታይም?» የሚል ነው።

ይህንን የጻፍክልኝ አፍረህበት ነው ወይስ እንደ ማስረጃ? መለየት አቃተኝ።

ከዚያ ትራፊኩ መጣ። «ካየኋት ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ከሌለችበት ነው ዱብ ያለችው» ብለህ ማልክ። የማልከውስ እውነት ነው፤ አላየሃትም። ለምን እንዳላየሃት ግን ዋጥከው። ጥላዬ ደግሞ ከታመመበት አልጋ ተነሥቶ መጥቶ «ስትሮጥ ገባችበት» ብሎ መሰከረልህ። የአይጥ ምስክር ድምቢጥ! ሰውየው እኮ እዚያ አልነበረም! ትራፊኩም «እግረኛዋ በድንገት ገብታ» ብሎ ጻፈ። እሷ ክንዷን ሰቅላ ተኝታለች፣ ገበያዋ አስፋልት ላይ ተደፍቷል፣ ጥፋተኛዋም እሷው ሆነች። አንተ በማግስቱ መሪህን ጨበጥክ።

«ለማንም እንዳይወጣ» ብለሃል። ጋሼ፣ አንድ ሰው ባልሠራው ነገር ሲሰደብ ዝም ያልኩበት አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ያኔ ባላውቅም አባቴ ነበር። አሁን ግን እያወቅሁ ነው። ያቺ ሴት ለእኔ ማንም አይደለችም፤ ግን ዕውር ያልካት እኔን ነው የመሰለኝ። ቤተ ሰቤ ሁሉ ከደብዳቤህ ውስጥ ሲሰደብ ሰማሁ።

ስለዚህ ለስምሪት ኃላፊህ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ፖስታው ተለጥፏል፣ የሚቀረው መላኩ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እስከ የካቲት አንድ እጠብቅሃለሁ። አንተ ካልሄድክ ወረቀቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እህት የለኝም ብትል አልፈርድብህም።

ሰላምታዬ ይኸው፦ ሰላም ለተሳፋሪዎችህ ይሁን።


ጥር 28 ቀን

ሚጣዬ፣

ሰላምታሽን አገኘሁት። ከጠቅላላው ደብዳቤ እሷ ናት የከበደችኝ። ፖስታሽን ከመሳቢያው አውጪው፤ አያስፈልግም። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

መጀመሪያ ወጥ ቤት ገብቼ ክንዶቼን ዘረጋሁ። ሰዓቱን እያየሁ ጣቶቼን አወዛወዝኩ፤ የሉም። ወደ ፊት አመጣኋቸው፤ የሉም። ብቅ ሲሉ መዳፎቼ ሊያጨበጭቡ ምን ያህልም አልቀራቸውም። ባለቤቴ ገብታ «ማንን ልታቅፍ ነው?» ብላ ሳቀች። ክንዶቼን አላወርድ ስል መሳቋን ተወች።

ሐኪሙ ያለኝ አንቺ የተባልሽውን ነው፤ እንዲያውም የእኔ ከአንቺ ይብሳል።

ከዚያ የቲማቲሟን ሴት ልጠይቅ ሄድኩ። በር ላይ ሦስቴ ተመለስኩ። «ዕውር ብዬ የሰደብኩሽ ዕውሩ እኔ ነኝ» አልኳት። ብትሰድበኝ፣ ብትተፋብኝ እችለው ነበር። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «እኔማ አምኜህ ዓይኔን ልመረመር ቀጠሮ ይዤ ነበር» አለችኝ። ሚጣዬ፣ የጮኽኩባትን አምናኝ ነበር እኮ! እዚያው አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ቃሌን ቀየርኩ። ጥላዬም ተከትሎኝ መጥቶ የእሱን ሰረዘ። እሱም ጦሱ ሳይደርስበት አይቀርም። አሁን ክስ ይጠብቀኛል፤ ይገባኛል።

የምትናደጂበትን ልጨምርልሽ። ስምሪት ኃላፊው ቢሮ ገብቼ ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «አላይም» አልኩት። አላመነኝም! «ቀላል ሥራ ፈልገህ ነው» አለኝ። እዚያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያ ሲያስነብበኝ ከነጥቃቅኑ ፊደል ተወጣሁት። «ከእኔ ዓይን ይሻላል» ብሎ ሣቀና ቁልፉን ወደ እኔ ገፋው። እኔ ደሜ ፈላ። «በል ከወንበርህ ተነሣና በጎኔ ቁም» አልኩት። «እኔ ወደ ፊት አያለሁ፤ አንተ ስንት ጣት እንደምታወጣ ልንገርህ።» ቆመ። ቆይቶ «እሺ፣ ስንት ነው?» አለኝ። «አውጥተሃል እንዴ?» አልኩት። ከዚያ ቁልፉን አንሥቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን ያላልኩሽ ነገር አለ፤ አሁን ካላልኩት መቼም አልለውም።

አባባ አይጠጣም ነበር። አውቅ ነበር።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ሱቁን ዘግተን ወደ ቤት ስንሄድ ትከሻዬን ይዞ ነበር የሚሄደው። አንድ ምሽት ጎረቤቶች «ዛሬም ጠጣ?» ሲሉኝ «ዓይኑ ነው» ልል አፌን ስከፍት ትከሻዬን ጨመቀኝ። ሰው ከሌለበት ስንደርስ «ልጄ፣ ሰካራም ሰዓት ሠሪ ጋ ጠዋት ጠዋት ሰዓት የሚያመጣ አይጠፋም። ዕውር ሰዓት ሠሪ ጋ ማን ያመጣል? በምን ላሳድጋችሁ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰፈር ስንቃረብ ማንጎራጎር ጀመረ፤ እንዲመስልለት። እኔም እየደገፍኩት «በቃህ አባባ፣ በቃህ» እል ነበር፤ እንዲመስልልን።

ጠርሙሱን የደፋሽበት ቀን በሩ ላይ ቆሜ አይሻለሁ። በቀብሩም ቀን አክስታችን «መጠጥ በላው» ስትል አጠገቧ ነበርኩ። በሕይወት ሳለ ዝም ያልኩት ስላስማለኝ ነው። ከሞተ በኋላ ዝም ያልኩት ግን ፈርቼ ነው። የእሱን ብነግራችሁ የእኔን ትጠይቁኛላችሁ ብዬ። እኔም ሲመሽ መደናቀፍ ጀምሬ ነበርና።

ይቅርታ የምትባለዋን ቃል ጻፍኳትና ሰረዝኳት፤ ለዚህ ታንሳለች።

ወንድምሽ


የካቲት 5 ቀን

ጋሼ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ወለል ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ሁለት ቀን መልስ አልጻፍኩም፤ ብጽፍ ኖሮ ወረቀቱ ይቃጠል ነበር።

ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ቁልፉ ያደረግከውን አደረግክ፤ ሰው ነህ። አንተን የማያምን ያ ኃላፊ ደግሞ የሹፌር ሳይሆን የግድግዳ ኃላፊ ይሁን። ፖስታዬን አልቀደድኩትም፤ አዲስ ጽፌ አድራሻውን ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ አድርጌዋለሁ። ጎን የሚመረምር መሣሪያ በየሐኪም ቤቱ እያለ በፊደል ብቻ ማኅተም የሚመቱበትን ምክንያት በጽሑፍ ያስረዱኝ። እስኪመልሱልኝ በየወሩ እጽፍላቸዋለሁ፤ ሜትሬን ዘርግቼ።

አንተን ግን አልታረቅኩህም። እውነቱን እወቀው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቴን አፍሬበት ኖሬያለሁ። ስሙ ሲነሣ ወሬ እቀይር ነበር። ለሰው «አባቴ ነጋዴ ነበር» እል ነበር፤ ሰዓት ሠሪ ካልኩ ያውቁታል ብዬ። እሱ ለእኛ ሲል ሰካራም መስሎ ኖረ፣ ለእኛ ሲል ያንጎራጉራል፣ እኔ ከመስኮት ሰምቼ ጆሮዬን እይዛለሁ። አንተ ደግሞ ታውቃለህ! አንዲት ቃል፣ በቀብሩ ማግስት እንኳ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበር? ማስማሉን አከብራለሁ። ፍርሃትህንም አውቀዋለሁ፤ እኔም ደንበኞቼ እንዳይሸሹ ግማሹን ደብቄያለሁ። ግን ይቅር የምልበት ቦታ ገና አልተገኘልኝም። የምፈልገው እንደ መቀሴ ጥግ በጥግ ነው።

በሚመጣው ቅዳሜ ተነሥተህ ና። ልጅህን ይዘሃት ና፤ እሷም ትታይ። ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሮ አስይዤላችኋለሁ። እሑድ ዘመድ ሁሉ አክስታችን ቤት ይሰበሰባል። በሁሉ ፊት ቆመህ «አባቴ ሰካራም አልነበረም፣ ዓይኑ ነበር» ትላለህ። አንተ ነህ የምትለው፣ እኔ አይደለሁም። አክስታችን «ምን ማስረጃ አለህ?» ካለችህ ክንድህን ዘርጋላት።

ቀን ቀን የሚገባውን አውቶቡስ ያዝ፤ ሲመሽ ሁለታችንም አንረባም። እንደ ተሳፋሪ መቀመጥ ይከብድህ ይሆናል፣ ቻለው። እዚህ እኛ መናኸሪያ ውስጥ ትልቁ ሰዓት አለ፤ ቆሟል አሉ፣ ከአባባ ወዲህ የሚጠግነው ጠፍቶ። ከሥሩ ቁምና አትንቀሳቀስ፣ ወዲያ ወዲህም አትፈልገኝ። እኔ ከፊት ለፊትህ ቀጥ ብዬ እመጣለሁ።

ሰላም ሳልልህ ካለፍኩ ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቼስ ተቆጥቻለሁ፤ ግን ሰላም ሳልልህ ካለፍኩ አላየሁህም ማለት ነው። ጥራኝ።

ሚጣ